ለደከመ ልብ የሚገባው ማሽን የትኛው ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «አባቴ 58 ዓመቱ ነው። ከአምስት ወር በፊት የልብ ድካም አለብህ ተባለ። ያኔ ኢኮው ላይ የልቡ አቅም 22 በመቶ ነበር፤ አሁን 27 ሆኗል። የልቡ ደም ሥሮች ታይተው ንጹሕ ናቸው ተብሏል። ካርቬዲሎል፣ ኢናላፕሪል፣ ስፓይሮኖላክቶንና ላሲክስ ይወስዳል። ደረጃ ሲወጣ አሁንም መሀል ላይ ቆሞ ያርፋል። ኢሲጂው ላይ ‹ኤልቢቢቢ፣ 164› ተብሎ ተጽፏል። አንዱ ሐኪም ፔስሜከር ያስፈልገዋል አለን። ሌላው ሾክ የሚሰጥ ማሽን ነው የሚሻለው አለ። የትኛውን እንመን? ደረቱ ይከፈታል? ማሽኑ ከገባ መድኃኒቱን ያቆማል? እናቴ ደግሞ ማታ አጠገቡ ስተኛ ሾኩ እኔንም ይመታኛል ብላ ፈርታለች።»

እህቴ፣ ቁጥሮቹን አሟልተሽ መጻፍሽ ሥራዬን አቅልሎልኛል። ብዙ ሰው «ልቡ ደክሟል ተባለ፣ ምን ይሻላል?» ብሎ ብቻ ነው የሚጠይቀኝ። አንቺ የኢኮውን (የልብ አልትራሳውንዱን) ውጤት፣ የደም ሥሩን ምርመራ፣ የኢሲጂውን (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራውን) ስፋት ሁሉ አስቀምጠሻል። አባትሽን በአካል አላየኋቸውም፤ የመጨረሻው ውሳኔ የሚከታተሏቸው ሐኪም ነው። ግን ቁጥሮቹ ብዙ ይናገራሉ።

ሁለቱ ሐኪሞች የሚቃረኑ አይምሰልሽ። የሚያወሩት ስለ አንድ ልብ ነው፤ ችግሩ ግን ሁለት ነው። አንዱ የሚያየው ልቡ እኩል አለመጨመቁን ነው። ሌላው የሚፈራው ልቡ አንድ ቀን በድንገት ተረብሾ እንዳይቆም ነው። ለመጀመሪያው አንድ ዓይነት ማሽን አለ፣ ለሁለተኛው ሌላ። ሁለቱንም ሥራ ባንድ ላይ የሚሠራ ደግሞ ሦስተኛ አለ። ሁሉም ከአንገት አጥንት በታች ቆዳ ሥር የሚቀመጡ ትንንሽ ብረቶች ናቸው። ከውጭ ሲታዩ አንድ ስለሚመስሉ ነው ቤተሰብ የሚደናገረው።

«የልብ ድካም» የሚለው ስም ራሱ ሰው ያስደነግጣል። በየወሬው «በልብ ድካም ሞተ» ሲባል ብዙ ጊዜ ድንገተኛ የደም ሥር መዘጋትን ነው የሚሉት። እኛ ግን የልብ ድካም ስንል ልብ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም መግፋት አቅቶታል ማለታችን ነው። አልቆመም፤ ይሠራል፣ ግን አይበቃም። 27 በመቶ ማለትም ከልባቸው ሩብ ብቻ ቀረ ማለት አይደለም። ጤነኛ ልብም የያዘውን ደም ጨርሶ አይረጭም። የግራው የታች ክፍል በአንድ ምት የሚገፋው ከያዘው ከ55 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ነው። የአባትሽ ልብ ከዚያ ግማሽ ገደማ እየሠራ ነው። ከ22 ወደ 27 መውጣቱ ደስ ይላል፤ ሆኖም ብዙ አትመኪበት። አንዱን ልብ ሁለት ባለሙያ ሲለካው የ5 ነጥብ ልዩነት የተለመደ ነው። ለማሽን ውሳኔ የምንጠቀምበት መስመር 35 ነው። አባትሽ በሁለቱም ልኬት ከዚያ በታች ናቸው።

አሁን የኢሲጂውን ወረቀት አውጪና አጠገብሽ አድርጊው። ወረቀቱ በትንንሽ ካሬዎች የተሰመረ ነው። በተለመደው ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 25 ሚሊሜትር የወጣ ከሆነ አንዷ ትንሽ ካሬ 40 ሚሊሰከንድ ናት። በእያንዳንዱ ምት ላይ ጎልቶ የሚታየውን ሹል ፈልጊ። ከመስመሩ ከሚነሣበት እስከሚመለስበት ስንት ካሬ ይሸፍናል? ጤነኛ ልብ ላይ ከሦስት ካሬ ያንሳል። የአባትሽ አራት ካሬ ሞልቶ ትንሽ ያልፋል። ያ 164 የሚለው ቁጥር ይኸው ነው። ለእኔ በጥያቄሽ ውስጥ ካለው ሁሉ ትልቁ ነገርም እሱ ነው።

ለምን መሰለሽ? ልብ የሚመታው በኤሌክትሪክ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ከላይ ተነሥቶ ወደ ታች ሲወርድ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ቅርንጫፍ ለቀኝ፣ አንዱ ለግራ። «ኤልቢቢቢ» ማለት የግራው ቅርንጫፍ ተዘግቷል ማለት ነው። ልብ አድርገሽ ስሚኝ፣ የተዘጋው የደም ሥር አይደለም፤ የኤሌክትሪክ መንገዱ ነው። ስለዚህ ትእዛዙ በቀኝ በኩል ቶሎ ይደርሳል። ወደ ግራ የሚሄደው ግን ከጡንቻ ወደ ጡንቻ እየተንፏቀቀ ነው።

ሁለት ሰዎች የታጠበ ብርድ ልብስ በየጫፉ ይዘው ሲጠመዝዙ አይተሽ ታውቂያለሽ። እኩል ሲጠመዝዙ ውኃው ይንዠቀዠቃል። አንዱ ቀድሞ ጠምዝዞ ሲለቅ፣ ሌላው ገና ሲጀምር ግን ብርድ ልብሱ ይወዛወዛል እንጂ አይጨመቅም። የሁለቱም ክንድ ይዝላል፣ ውኃው እዚያው ነው። የአባትሽ ልብ ያለው እንደዚህ ነው። መካከለኛው ግድግዳ ቀድሞ ይኮማተራል። የግራው የጎን ግድግዳ ተራው ሲደርስ መካከለኛው ለቆ እየላላ ነው። ኢኮ ላይ ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። እኔ ለቤተሰብ ስክሪኑን አዙሬ አሳያለሁ፤ ያየ ሰው ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ሲአርቲ የሚባለው ማሽን የሚያስተካክለው ይህንን ነው። በአብዛኛው ሦስት ሽቦዎች አሉት። አንዱ በላይኛው የቀኝ ክፍል፣ አንዱ በታችኛው የቀኝ ክፍል ይቀመጣል። ሦስተኛው ልብን በጀርባ ዞሮ በሚሄድ የደም መልስ ውስጥ አልፎ ከግራው ግድግዳ ላይ ያርፋል። ከዚያ ማሽኑ ቀኙንና ግራውን እኩል ያዛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ኬር-ኤችኤፍ የተባለው ጥናት 813 ሰዎችን ተከታትሎ ውጤቱን አውጥቶ ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ በፈጀው ክትትል ውስጥ መድኃኒት ብቻ ከሚወስዱት 30 በመቶ ያህሉ ሞተዋል፤ ሲአርቲ ከተጨመረላቸው ደግሞ 20 በመቶ ያህሉ። ሾክ የማይሰጥ፣ ልብን እኩል የሚያስመታ ብቻ የሆነ ማሽን ነው ይህን ያመጣው። ትልቁ ጥቅም የሚታየው እንደ አባትሽ የግራው ቅርንጫፍ ተዘግቶ ስፋቱ ከ150 ያለፈ እንደሆነ ነው። ስፋቱ ከ130 በታች ለሆነ ሰው ሲአርቲ ማስገባት ይቅርብን። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የኤኮ-ሲአርቲ ጥናት እንዲህ ባሉ ሰዎች ላይ ጥቅም አላገኘም፤ እንዲያውም የሞቱት ሲአርቲው በሚሠራላቸው በኩል በዝተው ነበር። ጎረቤት ገብቶለት ዳነ ተብሎ ለሁሉም የማይገባው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። «ፔስሜከር» የሚለው ቃል አሳሳች ነው። ተራው ፔስሜከር ልቡ ለሚዘገይ ሰው ነው የተሠራው፤ የታችኛውን ክፍል ብዙ ጊዜ በቀኝ በኩል ብቻ ነው የሚነካው። እንደ አባትሽ ያለ ልብ በቀኝ ብቻ ሁልጊዜ ከተመታ ያው መዘግየት በማሽን ተደገመ ማለት ነው፤ ድካሙን ሊያብስም ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙን በቀጥታ ጠይቂ፦ «የግራውን ክፍልም የሚመታ ነው ወይ?» መልሱ አዎ ከሆነ የሚያወሩት ስለ ሲአርቲ ነው፤ ሐሳባቸውም ትክክል ነው።

ወደ ሾኩ ልምጣ። አይሲዲ ይባላል። የደከመና የሰፋ ልብ ኤሌክትሪኩ ሊረበሽ ይችላል። የታችኛው ክፍል በድንገት እጅግ መፍጠን ወይም ዝም ብሎ መርገፍገፍ ይጀምራል። ደም መግፋቱ ይቆማል፣ ሰውየው በሰከንዶች ውስጥ ይወድቃል። አይሲዲ ቀን ከሌት ምቱን ይከታተላል። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ በፈጣን ትንንሽ ምቶች ሊያረጋጋው ይሞክራል፤ ካልሆነ ሾክ ይሰጣል። የፈለሰፉት ሚሼል ሚሮውስኪ የተባሉ ሐኪም ናቸው። እንደ አባት የሚያዩት አለቃቸው እ.ኤ.አ. በ1966 በዚሁ የልብ ምት መረበሽ ሞተውባቸዋል። ብዙ ባለሙያ አይሆንም እያላቸው አሥር ዓመት በላይ ታገሉ። የመጀመሪያው ማሽን በሰው ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. የካቲት 1980 በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ነው። ያኔ ደረት መከፈት ነበረበት። ዛሬ አያስፈልግም።

አይሲዲ ልብን አያበረታም። ደረጃ መውጣቱን አያቀልላቸውም፣ እብጠቱንም አያጠፋም። ክፉ ቀን ከመጣ የሚደርስ ዘበኛ ነው። ብዙ ታካሚ «ማሽኑ ከገባልኝ ወዲህ ምንም አልተሻለኝም» ብሎ የሚያዝነው ይህን ቀድሞ የነገረው ስለሌለ ነው።

ታዲያ አባትሽ ከሲአርቲው ላይ ሾኩ ይጨመርላቸው? ባለሙያዎች ልብ ለልብ ያልተስማማንበት ቦታ ይኸ ነው። የልብ ደም ሥሩ ተዘግቶ ጡንቻው ጠባሳ ለያዘ ሰው የአይሲዲ ጥቅም ግልጽ ነው። የአባትሽ ደም ሥር ግን ንጹሕ ነው። ለእንዲህ ያሉት እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የዴንማርኩ ዳኒሽ ጥናት 1,116 ሰዎችን አጥንቷል። በድንገተኛ የልብ ሞት የሞቱት አይሲዲ ከሌላቸው 8.2 በመቶ፣ ካላቸው 4.3 በመቶ ነበሩ። በግማሽ ወረደ ማለት ነው። በማንኛውም ምክንያት የሞቱት ሲቆጠሩ ግን 23.4 እና 21.6 በመቶ ሆነ፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነበር። ከተጠኑት ከግማሽ በላይ የሆኑት፣ በሁለቱም ወገን፣ ሲአርቲ ነበራቸው። መድኃኒቱና ሲአርቲው ራሳቸው አደጋውን ዝቅ አድርገውታል፤ ዕድሜው የገፋ ሰው ደግሞ በሌላ ሕመምም ይሞታል። ከ70 ዓመት በታች የሆኑት ላይ ጥቅሙ ይታይ ነበር። ከዚህ በኋላ የአውሮፓ ካርዲዮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 መመሪያው ለእንዲህ ዓይነት ታካሚዎች የአይሲዲን ምክር አንድ ደረጃ ዝቅ አደረገ፤ አሜሪካኖቹ አላወረዱም።

የኔን ከጠየቅሽኝ፣ ሲአርቲው የግድ ነው፤ ሾኩ የሚመረጥ ነው። በ58 ዓመታቸው፣ ሌላ ከባድ ሕመም ከሌለባቸው፣ ሁለቱንም የሚሠራውን ሲአርቲ-ዲ እመርጥላቸው ነበር። ሾክ የሌለውን ሲአርቲ-ፒን ብቻ ቢመርጡ ግን ተሳስታችኋል አልልም። ሾክ ያለው ማሽን ተለቅ ይላል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ አልፎ አልፎም ልቡ ሳይረበሽ በስሕተት ሊመታ ይችላል። ይልቅ እነዚህን ጠይቂያቸው። ራሳቸውን ስተው ያውቃሉ? ሆልተር (ምትን ቀን ከሌት የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ) ታስሮላቸው ከታች የሚነሣ ፈጣን ምት ታይቷል? ኤምአርአይ ላይ የጡንቻ ጠባሳ አለ? ከቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው አለ? ከእነዚህ አንዱ አዎ ከሆነ ሚዛኑ ወደ ሾኩ ያጋድላል። ራስን መሳት ካለማ ነገ ዛሬ ሳይባል መታየት አለበት።

ስለ መድኃኒቱ ጠንከር ብዬ ልናገር። ማሽን የሚገባው መድኃኒቱ በሚገባ ተሞክሮ፣ ቢያንስ ሦስት ወር ከቆየ በኋላ ነው። አባትሽ አምስት ወር ወስደዋል፤ ጥሩ ነው። ግን ስንት ሚሊግራም እንደሚወስዱ አልጻፍሽልኝም። ካርቬዲሎል በትንሽ ተጀምሮ፣ ግፊቱና ምቱ ከፈቀደ በቀን ሁለቴ 25 ሚሊግራም ድረስ ይወጣል። ኢናላፕሪል በቀን ሁለቴ እስከ 10 ወይም 20። በጀመሩበት ትንሽ መጠን ላይ የቆዩ ከሆነ መድኃኒቱ ገና አልተሞከረም። ሌላው፣ ከዝርዝሩ ላይ ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን አላየሁም። በመጀመሪያ ለስኳር ሕመም የተሠሩ ናቸው፤ ዛሬ ስኳር ለሌለበት የልብ ታካሚም ከአራቱ ዋና ዋና መድኃኒቶች አንዱ ሆነዋል። ኢናላፕሪልን በሳኩቢትሪል-ቫልሳርታን መቀየር ይቻል እንደሆነም ጠይቂ። ሁለቱ በፍጹም አብረው አይወሰዱም፤ ኢናላፕሪሉ ከቆመ 36 ሰዓት ማለፍ አለበት። በራሳችሁ እንዳትሞክሩት። ስፓይሮኖላክቶን ስላለም ፖታሲየምና ኩላሊት በየጊዜው በደም ይታይ። ለወገብ ሕመም ተብሎ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መዋጥ ይቅር፤ ውኃ ያስቋጥራል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል።

እንዲህ ስል ግን ሲአርቲው ለወራት ይጎተት ማለቴ አይደለም። የግራው ቅርንጫፍ በሰፊው የተዘጋበት ልብ በመድኃኒት ብቻ እንደ ሌላው አያገግምም። የመንገድ ችግር ነውና። መድኃኒቱ እየተስተካከለ የማሽኑ ቀጠሮም ጎን ለጎን ይያዝ።

ማሽኑ ከገባ መድኃኒቱ ይቆማል ወይ? አይቆምም። አንድ ታካሚዬ ሲአርቲ ገብቶለት በሁለተኛው ወር ጎረቤት ሁሉ «አማረብህ» አለው። እሱም ድኛለሁ ብሎ ክኒኑን ተወው። በአራተኛው ወር ትንፋሽ አጥሮት፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ አብጦ መጣ። ማሽኑን ስንፈትሸው ሥራውን በደንብ እየሠራ ነበር። የጎደለው መድኃኒቱ ነው። እንዲያውም ከሲአርቲ በኋላ የደም ግፊቱ ከፍ ስለሚል፣ በፊት ያልቻልነውን መጠን መጨመር የምንችለው ያኔ ነው።

ደረታቸው አይከፈትም። ቦታውን በመርፌ አደንዝዘን፣ ብዙ ጊዜ በግራ አንገት አጥንት ሥር ቆዳውን ጥቂት ሴንቲሜትር እንሰነጥቃለን፤ ሽቦዎቹ በደም መልስ ይገባሉ። ከባዱ ሦስተኛው ሽቦ ነው። የአንዳንዱ ሰው የደም መልስ ጠባብ ወይም ጠማማ ይሆንና ቦታው አይገኝም። ያኔ ሽቦውን ከተዘጋው ቦታ አለፍ አድርጎ በራሱ በግራው ቅርንጫፍ አካባቢ የመትከል አዲስ ዘዴ አለ፤ በዚህ እጁ የሰላ ሐኪም ካለ ጥሩ አማራጭ ነው። አደጋ የለውም አልልሽም። ደም ሊቋጠር፣ ሽቦ ሊንሸራተት፣ ሳንባ ሊነካ ይችላል። ከሁሉ የምፈራው ኢንፌክሽን ነው። ማሽኑ ጋ ከደረሰ ብዙ ጊዜ ሁሉም ነገር መውጣት አለበት። ስለዚህ ቦታው ከቀላ፣ ከሞቀ፣ ፈሳሽ ካወጣ ማሽኑን ወደ ተከሉት ሐኪሞች ነው የሚኬደው። ማንም በመርፌ ወግቶ «ልምጠጠው» እንዳይል። የግራ ክንዳቸውን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከትከሻ በላይ አያንሡ። ጨርሶ አስረው አያስቀምጡትም፤ ትከሻ ይደርቃል።

ከሦስት ሰው አንዱ ያህል ከሲአርቲ በኋላ የጠበቀውን ለውጥ አያገኝም። የአባትሽ ኢሲጂ ጥሩ ተስፋ ከሚሰጡት ነው፤ ግን ለውጡ ካልመጣ «ይኸው ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። በክትትል ቀን አንድ ቁጥር ጠይቂ፦ ማሽኑ ከመቶ ምት ስንቱን ነው የሚመታው? ወደ መቶ እንዲጠጋ፣ 98 እና ከዚያ በላይ እንዲሆን እንፈልጋለን። ዝቅ ካለ ምክንያት አለው፤ የተዛባ ምት ወይም የተንሸራተተ ሽቦ ሊሆን ይችላል። ብዙውን ማስተካከል ይቻላል። ቤት ውስጥ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከሽንት በኋላ ይመዘኑ። በሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመሩ ያ ውኃ ነው፤ ሐኪሙ ጋ ይደወል።

ስልክ ከማሽኑ 15 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ በደረት ኪስ አይያዝ፣ በቀኝ ጆሮ ይነጋገሩ። ማግኔት ከደረታቸው ይራቅ። የማሽኑን ካርድ ሁልጊዜ ይያዙ። ባትሪው ሲያልቅ ሽቦው ጤነኛ ከሆነ የሚቀየረው ብረቱ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ስዊድን ውስጥ በሰውነቱ ፔስሜከር የተቀበረለት የመጀመሪያው ሰው አርኔ ላርሰን ከ20 በላይ ማሽን ቀያይሮ እስከ 2001 ኖሯል።

ሐኪሞች ቀድመን የማናነሣው አንድ ነገር አለ። ሾክ ያለውን ከመረጡ፣ ወደፊት በሌላ በማይድን ሕመም ከተያዙና አልፈልገውም ካሉ ሾኩ ያለ ቀዶ ጥገና፣ ያለ ሕመም ይጠፋል። ሾኩ ሲጠፋ ልብ አይቆምም፤ ሲአርቲውም ሥራውን ይቀጥላል። ይህን አባትሽ አሁን፣ በደህናው ቀን ቢያውቁት እመርጣለሁ።

ሾክ ሲሰጥ ይሰማል፤ ያምማልም። «ፈረስ ደረቴን የረገጠኝ መሰለኝ» ያለኝ ሰው አለ። አንዴ መትቶ ወዲያው ደህና ከሆኑ በዚያው ቀን ክሊኒኩ ጋ ደውላችሁ ማሽኑ ይታያል። ሁለቴና ከዚያ በላይ ከመታ፣ ወይም አንዴም ሆኖ ደረት ካመማቸው፣ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ራሳቸውን ከሳቱ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ወድቀው ካልነቁና በወጉ ካልተነፈሱ ማሽን አላቸው ተብሎ አይጠበቅም። አምቡላንስ እየተጠራ ደረታቸው መሀል ላይ መጫን ይጀመራል።

እናትሽን እንዲህ በያቸው። ሾኩ የሚሠራው አባትሽ ሰውነት ውስጥ፣ በሽቦውና በብረቱ መካከል ነው። በዚያች ቅጽበት እጃቸው ደረቱ ላይ ቢሆን እንኳ የሚሰማቸው ቢበዛ ትንሽ መንዘር ነው፤ አይጎዳቸውም። እንደ ወትሮው አጠገባቸው ይተኙ። ከቻሉም በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረው ይምጡና ራሳቸው ይጠይቁን።